408 ድል ምን ይነግረናል? ስለ አሠልጣኝ ኤዲ ሮቢንሰን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወታል። ለጥቁሮች ታሪክ ወር ስለ አሠልጣኝ ኤዲ ሮቢንሰን ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዝዞ እያገዝኩት ነው። አንዱ ቦታ በ408 ድል የምንጊዜም ቀዳሚ ናቸው ይላል፤ ሌላው ጆ ፓተርኖ 409 አላቸው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ 489 ጊዜ ያሸነፈ አሠልጣኝ ይጠቅሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ ሮቢንሰን ያሸነፉት ደካማ ትምህርት ቤቶችን ስለሆነ ቁጥሩ ዋጋ እንደሌለው፣ ጎበዝ ቢሆኑ ኖሮ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሄዱ እንደነበር፣ በመጨረሻም እንደተባረሩ ነገረኝ። እውነቱ የቱ ነው? ልጄስ ምን ብሎ ቢጽፍ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ ሦስቱን በአንድ መዝገብ ላይ አስፍሮ ማወዳደሩ ነው። የባልደረባዎ ሦስት አባባሎች ግን አንዱም እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ ሁለቱ ስህተት ናቸው፣ ሦስተኛው ግማሽ እውነት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሮቢንሰን በሰሜን ሉዊዚያና በምትገኘው ትንሿ የግራምብሊንግ ከተማ፣ ዛሬ ግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ትምህርት ቤት፣ ከ1941 እስከ 1997 አሠለጠኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በ1943 እና በ1944 የኮሌጁ ቡድን ስላልነበረ የውድድር ዘመኖቻቸው 55 ናቸው፤ በእነዚህም 408 ጊዜ አሸንፈው፣ 165 ጊዜ ተሸንፈው፣ 15 ጊዜ አቻ ወጥተዋል። ጥቅምት 5 ቀን 1985 በዳላሱ የኮተን ቦውል ስታዲየም ፕሬሪ ቪውን ሲያሸንፉ 324ኛ ድላቸው ሆነና የአላባማ ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ቤር ብራያንት ትተውት የሄዱትን የ323 ክብረ ወሰን አለፉ። በ1997 ጡረታ ሲወጡ ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ከእርሳቸው የበለጠ ያሸነፈ የኮሌጅ እግር ኳስ አሠልጣኝ አልነበረም። የ489 ድል ባለቤት ጆን ጋሊያርዲ ናቸው፤ ሮቢንሰንን ያለፉት በ2003 ሲሆን፣ በሚኒሶታው ሴይንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2012 አሠልጥነዋል። ይሁን እንጂ ሴይንት ጆንስ የሚወዳደረው ለስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል በማይሰጥበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን (የኮሌጆች የውድድር ደረጃ) ነው። የፓተርኖ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። እርሳቸው በፔን ስቴት ለ46 የውድድር ዘመናት አሠልጥነው በጥቅምት 2011 መጨረሻ 409ኛ ድላቸውን አገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀድሞ ረዳታቸው በሕጻናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ሳቢያ በተነሣው ቀውስ ከሥራ ተነሡ። የኮሌጆች ስፖርት የበላይ የሆነው ኤንሲኤኤ በሐምሌ 2012 ከ1998 ወዲህ ያገኟቸውን 111 ድሎች ሰረዘ፣ በጥር 2015 ደግሞ መለሰላቸው። ልጅዎ ያገኛቸው ጽሑፎች እርስ በርስ የሚጋጩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ በስረዛውና በምለሳው መካከል የተጻፈው ሮቢንሰንን ያስቀድማል፣ ከ2015 በኋላ የተጻፈው ፓተርኖን። ስለዚህ አንድ ዝርዝር ከመጥቀሱ በፊት የተጻፈበትን ዓመትና የሚቆጥረውን ዲቪዚዮን እንዲያይ ያድርጉ።

ስለ ቁጥሩ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም። 408ቱ እንዴት እንደተገነባ ግን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የልጅዎ ጽሑፍም መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ሮቢንሰን የካቲት 1919 በጃክሰን፣ ሉዊዚያና ተወለዱ፤ ያደጉት በባተን ሩዥ ነው። በዚያችው ከተማ ትልቁ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቢኖርም የጥቁር ልጅ ስለነበሩ በሩ ዝግ ነበር፤ የተማሩትና ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) ሆነው የተጫወቱት ሊላንድ በሚባል አነስተኛ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። ዲግሪያቸውን ይዘው ያገኙት ሥራ በአንድ የከብት መኖ ወፍጮ ቤት በሰዓት 25 ሳንቲም የሚከፈል የጉልበት ሥራ ነበር። ግራምብሊንግ አሠልጣኝ እንደሚፈልግ ሰምተው በ1941 ሲቀጠሩ ዕድሜያቸው 22፣ የወር ደመወዛቸው 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። የቀጠሯቸው የትምህርት ቤቱ ፕሬዚዳንት ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ጆንስ ራሳቸው የቤዝቦል ቡድኑን የሚያሠለጥኑ ሰው ነበሩ፤ ይህ ብቻውን ትምህርት ቤቱ በምን ዓይነት የሰው ኃይል እጥረት ይሠራ እንደነበር ያሳያል።

ዛሬ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዋና አሠልጣኝ አሥር ያህል ረዳቶች፣ ሐኪሞች፣ የምግብ ባለሙያዎችና የቪዲዮ ተንታኞች አሉት፤ ልጅዎም «አሠልጣኝ» ሲል በአእምሮው የሚመጣው ይህ ነው። የሮቢንሰን ሥራ ግን እንደሚከተለው ነበር። የሜዳውን ሣር የሚያጭዱት እርሳቸው፣ በእረፍት ሰዓት ትርዒት የሚያሳዩትን ልጃገረዶች የሚያለማምዱት እርሳቸው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱን ለአካባቢው ጋዜጦች ጽፈው የሚልኩት እርሳቸው ነበሩ። ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዝ በመንገድ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቁሮችን ስለማያስተናግዱ፣ ተጫዋቾቹ ጾማቸውን እንዳይውሉ ሳንድዊች ያዘጋጁላቸው ነበር። በዚያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ አባት ሁለት ተጫዋች ልጆቹን ጥጥ እንዲለቅሙለት ከቡድኑ አስወጣ። ሮቢንሰን ከአባትየው ጋር አልተከራከሩም፤ የቀሩትን ተጫዋቾች ሰብስበው ወደ እርሻው ሄዱና ጥጡ ተለቅሞ እንዲያልቅ አደረጉ፣ ልጆቹም ወደ ቡድኑ ተመለሱ። እኛ የገበሬ ሰብል ሲደርስ ጎረቤት ደቦ ወጥቶ የሚያጭድበት አገር ሰዎች ስለሆንን ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለልጅዎ ግን ደቦ ምን እንደሆነ ነግረውት ታሪኩን በዚያ ቢያስረዱት በደንብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት 3 ድልና 5 ሽንፈት ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1942፣ ቡድኑ ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ፤ በዘጠኙም ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። እኔ በበኩሌ ከ408 ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ የ23 ዓመት ወጣት በሁለተኛ ዓመቱ ያደረገው ስለሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ከቁጥሩ ጀርባ አለ። የኮሌጅ ተጫዋች አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ይመረቃል፤ አሠልጣኙ ጥሩ ቡድን በሠራ ቁጥር ያ ቡድን ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ 55 የውድድር ዘመን ማለት አንድን ቡድን 55 ጊዜ ማጫወት ሳይሆን አሥራ አራት ያህል ቡድን ከአፍላ ወጣቶች እንደገና መሥራት ነው። ሮቢንሰን ይህን የያዙት በዲሲፕሊን ነበር። ማለዳ የከብት ቃጭል ይዘው በተማሪዎቹ ማደሪያ ኮሪደር እየደወሉ ያልፋሉ፤ ልጆቹን የሚቀሰቅሱት ለልምምድ ብቻ ሳይሆን ክፍል እንዳይቀሩ፣ እሑድም ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ነበር። በጉዞ ላይ ኮትና ከረባት ማድረግ ግዴታ ነበር። ይህን የአባት ቁጣ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን የማየው እንደ ሙያ ስሌት ነው። ፈተና የወደቀ ተጫዋች መሰለፍ አይችልም፤ በሰፈሩ ፖሊስ በጥርጣሬ የሚያየው ልጅም በአለባበሱና በአነጋገሩ ሌሎች ከሚጠበቅባቸው በላይ መጠንቀቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ባልደረባዎ አባባሎች ልመለስ። «ደካሞችን ነው ያሸነፉት» የሚለው የዘር መለያየቱን ሥርዓት ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የነጮቹ ኮሌጆች ከጥቁሮቹ ጋር አይጫወቱም ነበር፤ ሮቢንሰን ተጋጣሚ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። በሌላ በኩል ግን በዚያ ዘመን በደቡብ የተወለደ ጥቁር ተጫዋች የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያለው ምርጫ በአብዛኛው እነዚሁ የጥቁር ኮሌጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ሳውዘርን፣ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም፣ ጃክሰን ስቴትና ሞርጋን ስቴት በተጫዋች ጥራት ደካሞች አልነበሩም። ይህን ለመመዘን የሚያስችል ገለልተኛ ሚዛን የፕሮፌሽናል ሊጉ ነው። በ1949 ታንክ ያንገር ለሎስ አንጀለስ ራምስ ሲፈርም ከጥቁር ኮሌጅ ወጥቶ በኤንኤፍኤል (በዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ) የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ሮቢንሰንም ሲሸኙት እርሱ ካልተሳካለት «ምርጡን ወስደን አየነው» ተብሎ ከኋላው ላሉት በሩ እንደሚዘጋ ነግረውት ነበር። በሩ አልተዘጋም። በ1963 በክ ቡካነን በተፎካካሪው የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ምርጫ፣ ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ። እርሱ፣ የግሪን ቤዩ ዊሊ ዴቪስ፣ የኦክላንዱ ዊሊ ብራውንና ኳስ ተቀባዩ ቻርሊ ጆይነር አራቱም በፕሮፌሽናል እግር ኳስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው። በሮቢንሰን እጅ ያለፉና ወደ ፕሮፌሽናል የገቡ ተጫዋቾች ከ200 በላይ ናቸው። ሙሉ ከተማዋ አምስት ሺህ ያህል ሰው ካላት ትምህርት ቤት የወጣ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ።

ኳርተርባኮቹን በተለይ እንዲያነሣ ለልጅዎ ይንገሩት። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ተጫዋች ኮሌጅ ላይ ኳርተርባክ ቢሆንም ፕሮፌሽናል ሲገባ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ነበር፤ ቦታው ማሰብና ማዘዝ ስለሚጠይቅ ለጥቁር አይሆንም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ሮቢንሰን ይህን አውቀው ጄምስ ሃሪስን ለዚያ ቦታ ብቻ አዘጋጁት፤ ሃሪስም በ1969 ለፕሮፌሽናሉ የቡፋሎ ቡድን የውድድር ዘመኑን መክፈቻ ጨዋታ በኳርተርባክነት ጀመረ። ዳግ ዊሊያምስ ተከተለ። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ የሚደገፈው የዋሽንግተን ቡድን በጥር 1988 ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) ሲወስድ፣ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት የታችዳውን (ነጥብ ያስገኘ) ኳስ የወረወረውና የጨዋታው ኮከብ የተባለው ይህ የግራምብሊንግ ልጅ ነው፤ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክም እርሱ ነው።

«ጎበዝ ቢሆኑ ኖሮ ይሄዱ ነበር» ለሚለው መልሱ ሁለት ዓመታት ናቸው። በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ አንድ ጥቁር ሰው ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲቀጠር የመጀመሪያው በ1979 በዊቺታ ስቴት ዊሊ ጄፍሪስ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ሮቢንሰን 60 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በዘመናዊው ኤንኤፍኤል የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ አርት ሼል የተሾሙት በ1989 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሮቢንሰን 70 ዓመታቸው ነበር። አንድ አሠልጣኝ ወደ ትልቅ ቦታ በሚሸጋገርባቸው የጉልበት ዓመታት ሁሉ የሚሸጋገሩበት ቦታ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ግራምብሊንግ የቆዩት መውጫ አጥተው ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ እርሳቸው ሕይወታቸውን በሙሉ በአንድ ሥራና ከአንድ ሚስት ጋር መኖራቸውን በኩራት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ልጅዎ አንዱን ይዞ ሌላውን እንዳይጥል። መሄድ ባይችሉም ቡድኑን ወደ ዓለም አወጡት፤ በ1968 በኒውዮርኩ ያንኪ ስታዲየም ከሞርጋን ስቴት ጋር ሲጫወቱ ከስድሳ ሺህ በላይ ተመልካች ተገኘ፣ በ1976 ደግሞ የእነዚሁ ሁለት ቡድኖች ጨዋታ ቶኪዮ ላይ ተካሄደ።

እዚህ ላይ አስቸጋሪ የሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለል ነጥብ አለ። ሮቢንሰን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት የዘር መለያየት መፍረስ ቡድናቸውን ጎዳው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባደጉባት ከተማ ያለው ሉዊዚያና ስቴት ጭምር፣ ጥቁር ተጫዋቾችን መቀበል ሲጀምሩ ቀድሞ ግራምብሊንግ ይመጣ የነበረው ልጅ ግዙፍ ስታዲየምና የቴሌቪዥን ጨዋታ ይቀርብለት ጀመር። ግራምብሊንግ በዚያ አቅም መወዳደር አይችልም ነበር። በ1978 የላይኛው ዲቪዚዮን ለሁለት ሲከፈልም ግራምብሊንግ በታችኛው ክፍል ሆነ። ቢሆንም ውድቀቱ በአንድ ሌሊት የመጣ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ዳግ ዊሊያምስ የተጫወተው ከዚያ ለውጥ በኋላ ነው፣ በ1994ም ቡድኑ 9 አሸንፎ የተሸነፈው 3 ጊዜ ብቻ ነበር። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚያፈስ ጣሪያ ዓይነት ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በሚመለከት፣ ቡድኑ በ1995 አምስት አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ፤ በ1996 እና በ1997 በእያንዳንዱ ዓመት ሦስት አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። 400ኛው ድል የተገኘው በጥቅምት 1995 በዚሁ የድክመት ዘመን መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። በዚያው ጊዜ ኤንሲኤኤ በቡድኑ ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። በ1996 መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤቱ በኩል እንዲለቁ ግፊት ተደረገባቸው፤ ነገሩ ሲሰማ ከየአቅጣጫው ቁጣ ተነሣና አንድ የስንብት ዓመት ተሰጣቸው፣ በ1997ም በኒው ኦርሊንስ ሱፐርዶም በሳውዘርን ተሸንፈው በ78 ዓመታቸው ተሰናበቱ። ስለዚህ «ተባረዋል» ማለት ስህተት ነው፤ «በራሳቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ጊዜ ወጡ» ማለትም ከእውነቱ ይርቃል። የእኔ ፍርድ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ቢወጡ ለቡድኑም ለእርሳቸውም ይሻል ነበር የሚል ነው፤ ይህን መናገር እርሳቸውን ማሳነስ አይደለም። በቦታቸው የተተካው ያው ዳግ ዊሊያምስ ነበር። ሮቢንሰን በኋላ የአልዛይመር ሕመም ይዟቸው በሚያዝያ 2007 በ88 ዓመታቸው አረፉ፤ አስከሬናቸውም ለሕዝብ ስንብት በሉዊዚያና ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ለልጅዎ ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው፤ ጽሑፉን በክብረ ወሰን ክርክር ላይ መመሥረት፣ ወይም ክብረ ወሰኑ በተሠራበት ሁኔታ ላይ መመሥረት። የመጀመሪያውን አልመክርም። ዲቪዚዮኖቹ፣ የጨዋታዎቹ ብዛትና የቅጣቱ ታሪክ ስለሚለያዩ በ408፣ በ409 እና በ489 መካከል ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በድል ቁጥር ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ አስተማሪውም አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ሙሉ ጽሑፉ ይናወጣል። ሁለተኛውን ይያዝ። ጽሑፉን ከመኖ ወፍጮ ቤቱና ከ63 ዶላር ከ75 ሳንቲሙ ደመወዝ ይጀምር፤ ጥጥ ለቀማውን በሙሉ ይተርከው፤ ያንገርን፣ ሃሪስንና ዊሊያምስን በቅደም ተከተል ያምጣ፤ 1979ን እና 1989ን ከሮቢንሰን ዕድሜ ጋር አጎዳኝቶ ያስቀምጥ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታትም ሳይደብቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ክብረ ወሰኑን መጥቀስ ሲፈልግ «የምንጊዜም ቀዳሚ» የሚለውን ትቶ የሚከተለውን ቢጽፍ ማንም ሊያርመው አይችልም፦ «ኤዲ ሮቢንሰን በ1997 ጡረታ ሲወጡ 408 ድል፣ 165 ሽንፈትና 15 አቻ ውጤት ነበራቸው፤ በዚያን ጊዜ ከእርሳቸው የበለጠ ያሸነፈ የኮሌጅ እግር ኳስ አሠልጣኝ አልነበረም።»